በሚካኤል ማግስት፣ በአዳራሻችን

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእሌኒ፣ ካለሽበት ከሐዋሳ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ፣ አዳራሹና ወንበሮቹ ደህና ነን። ወንበሮቹ ስል አራት እግር ያላቸውን ማለቴ ነው።

ስለ ዝምታዬ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልክ እዚህ የሚሠራበት ቀን አለ፤ በሚሠራበት ቀን ደግሞ የኔ ድምፅ አይሠራም። ለሚጠይቁኝ ሁሉ ጉንፋን ነው ብያቸዋለሁ። ስለዚህ እንደ ጥንቱ በወረቀት መጣሁ። ይህን እስከ ባሕር ዳር የሚያደርሰው የሚኒባሱ ሾፌር አገኘሁ ነው። ከዚያ ወዲያ በሐዋሳ አውቶቡስ ይላካል። ፖስታው ላይ ዘይት ብታዪ የአገኘሁ እጅ መሆኑን እወቂ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አዳራሻችንን ከእህል መጋዘንነት አስመልሰነዋል። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ አሁንም ሰው ሲያጨበጭብ ከጣሪያው የገብስ እብቅ ይዘንባል። አዲስ ሸራም አሰፍተናል። የሰፋው አስናቀ ልብስ ሰፊው ነው። አቡጀዲ ሊገዛ ገበያ ወጣ። እንደምታውቂው አቡጀዲ በእኛ ከተማ ከከፈን ሌላ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም። የጠየቀው ርዝመት ከሰው ቁመት ስላለፈባት ሻጯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስንት ሰው ነው?» አለችው። አስናቀ የፊልሙን ርእስ እያሰበ «አንድ ሙሽራ ነው» አላት። እንባዋን ጠርጋ ዋጋ ቀነሰችለት።

ዝግጅቱ ቅዳሜ ኅዳር 13 ነው፤ በሚካኤል ማግስት፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ። ጠዋት የልጆች ፊልም አለ። ከቀትር በኋላ «ያልተመለሰ ጥሎሽ» የተባለው የኛው ተውኔት በመድረክ ይታያል፤ መሪ ተዋናይ ኢዮብ። አመሻሹ ላይ ያንቺ ሥራ፣ «የክምር ድንጋይ ሙሽራ»፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ።

ፊልሙን በሰው እንዳትልኪው። ራስሽ ይዘሽው ነይ። አዘጋጇ የሌለችበት ምረቃ ሙሽሪት የቀረችበት ሠርግ ነው። ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ጥሩ ነው። በጣም ቀደም ብትዪ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

እናትሽ እትዬ አማረች ደህና ናቸው። ወንድምሽ ክንዱ ለዝግጅቱ ጉዳይ ወደ ወገዳ እንደወረደ ነው። ክንዱ ለዚህ አዳራሽ የደከመው ድካም የሚረሳ አይደለም። ታታሪ፣ ታዛዥ፣ ሰዓት አክባሪ ልጅ ነው።

ነይ።

አዲስዓለም

*

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህር አዲስዓለም፣

ማስተማር ከተውክ ቆየህ፤ አጻጻፍህ ግን ጠመኔውን አልጣለም። ደብዳቤህ ዘይቱን ጠጥቶ ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ደህና አይደለም። ከጾሙ በፊት ሐዋሳ ውስጥ ያላገባች ነፍስ እንዳትቀር የተማማሉ ይመስላል። የሠርግ ቪዲዮ የምናቀናብርበት ስቱዲዮ ውስጥ የማልጨርሳቸው ሙሽሮች ተደርድረዋል። ትናንት አንዱን ሙሽራ ከመኪና በዝግታ ሳስወርደው ግማሽ ዘፈን ፈጀብኝ። ቤተሰቡ «ትንሽ ይፍጠን እንዴ?» ብሎ አልጠየቀም። እንዲያውም ሲወርድ ይቆይ ነው የሚሉት።

ስለዚህ አልመጣም። አትቀየመኝ። ፊልሙን ጨርሼ በአገኘሁ በኩል እልካለሁ፤ ዘይት እንዳይነካው በላስቲክ እጠቀልለዋለሁ።

የቀረኝ አንድ ትዕይንት ነው፤ የትኛው እንደሆነ አትጠይቀኝ። ሙሽራውን የሚጫወተው ክንዱ በሠርጉ ዋዜማ ሞቶ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ እማዬ ከራስጌው ሙሾ የምታወርድበት። ፋይሉን በመዳፊቱ እነካውና እተወዋለሁ። ስንቀርጸው መሪጌታ ሀብቴ ደጅ ቆመው «ሰው በቁሙ አይለቀስለትም፤ ልቅሶ አንድ ጊዜ ነው፤ ከወጣ አይመለስም» እያሉ ሲቆጡ፣ ክንዱ ከከፈኑ ሥር ራሱን አውጥቶ ምን እንዳለ ታስታውሳለህ? «የኔታ፣ ከጋይንት እስከ ስማዳ ከእማዬ የሚሻል አልቃሽ የለም። ስሞት አልሰማትም፤ ዛሬ ልስማት።» ሁላችንም ሳቅን። የኔታ አልሳቁም። አሁን ትዕይንቱን ልከፍት ስል የሚታየኝ የእሳቸው ፊት ነው።

እስቲ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅህ። ክንዱ ለምን ስልክ አያነሳም? ወገዳ ሄደ አልክ፤ ወገዳ ሄዶ ይህን ያህል የሚቆይ ምን አገኘ? ሚስት ካገኘ ቪዲዮውን በነፃ እሠራለሁ በለው። «ያልተመለሰ ጥሎሽ» ላይ መሪው እሱ ነበር፤ ኢዮብ ከየት መጣ? ጉንፋንህስ?

እማዬን ሳምልኝ።

እሌኒ

*

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእሌኒ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉንፋኑ እንዳለ ነው።

ጥያቄዎችሽ ደርሰውኛል። ብዙ ናቸው፤ በወረቀት ከሚመለሱ ፊት ለፊት ብናወራቸው ይሻላል። መንገዱ ክፉ ነው። ክንዱ እዚያው ወገዳ ነው። ኢዮብ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቃለ ተውኔቱን ግን ገና አልያዘም። ክንዱን ተክቶ መጫወት ለማንም ከባድ ነው። እንዲያ ያለ ችሎታ በአንድ ትውልድ አንዴ ነው የሚፈጠር።

አሁን ከራሴ ጥፋት አንዱን ስሚ። ዝግጅቱ ሞቅ ያለ መስሎሽ እንድትመጪ፣ በማስታወቂያው ላይ «የእስቴ የባህል ዘፋኞች ይገኛሉ» ብዬ ጨመርኩበት። የእስቴ የባህል ዘፋኞች ስለዚህ ነገር የሚያውቁት አልነበራቸውም። ባጃጁ በድምፅ ማጉያ ከተማውን አዞረው፤ ገበያተኛ አርብ ገበያ ከተማ አደረሰው፤ ከአርብ ገበያ ደግሞ እንዴት እንደሆነ እንጃ እስቴ ገባ። ባለፈው ሰሞን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣልኝ፦ «ግብዣችሁን በደስታ ተቀብለናል። ከበሮ አለን። አንዱ አባላችን ሥጋ አይበላም።» እንግዲህ ዝግጅቱ እውነት ሆነ። መዋሸት ከሚያስከትለው ሥራ አንጻር ሲታይ እውነት መናገር ቀላል ነበር፤ እኔ ግን እሱንም አልቻልኩም።

እናትሽ በየቀኑ ወደ አዳራሹ ብቅ ይላሉ። ፊት ረድፍ ላይ፣ ከሸራው ትይዩ ይቀመጣሉ። ሸራው ባዶ ነው። ትናንት፦

«አዲስዓለም፣ ዛሬ ምን ታሳያለህ?» አሉኝ።

«ዛሬ እንኳ ምንም የለም፣ እትዬ።»

«እኔም እሱን ነው የማየው» አሉ።

መጥረጊያ ፍለጋ ወጣሁ። መጥረጊያው እጄ ላይ ነበር።

ከተማው ሰላምታ አብዝቶባቸዋል። ከዚህ በፊት በአጥር ድንበር የተጣሏቸው ጎረቤት እንኳ ድንች ይዘው መጡ። እሳቸውም ድንቹን ተቀብለው «ምነው ይህ ሁሉ ፍቅር? ታምሜ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ለቡና የሚጠሯቸው ቤቶች ሲገቡ ወሬ ያቆማሉ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል።

መሪጌታ ሀብቴ የልቅሶው ትዕይንት ከፊልሙ ይውጣ ይላሉ። ምክንያታቸውን ስትመጪ ይነግሩሻል። ሽማግሎቹም በየዕለቱ «ልጅቱ መቼ ትደርሳለች?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሽማግሎቻችን በዚህ ዓመት እንዲህ ፊልም ወዳጅ ይሆናሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

እባክሽ እሌኒ፣ ሙሽሮችሽን ለሌላ ሰው ስጪና ነይ።

አዲስዓለም

*

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

አዲስዓለም፣

እንደምን ነህ አልልህም። እንደምን እንደሆንክ ገብቶኛል።

ወንድሜ ሞቷል።

የነገረኝ ሰው የለም ብለህ እንዳትጽናና፤ አንተ ነህ የነገርከኝ። ክንዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ስታውቀው አንድ ቀን አመስግነኸው አታውቅም። ሰነፍ ነው፣ ልምምድ ይቀራል፣ ገመድ ይጥላል፣ የሰው ወንበር ይወስዳል ትለኝ ነበር። ደብዳቤህን ባገኘሁ ቁጥር እሱን ስትረግም የማነብበትን ቦታ ፈልጌ ነበር የምጀምር። አሁን «ሰዓት አክባሪ» አልከው። ክንዱን! ከእናቱ ሆድ እንኳ ዘግይቶ የወጣ ልጅ። የመጀመሪያውን ስስቅበት ሰነበትኩ። ሁለተኛው ሲመጣ «በአንድ ትውልድ አንዴ» የምትለዋን አነበብኩና ወረቀቱን አስቀመጥኩት። በእኛ አገር ሰው እንደዚያ የሚመሰገነው አፈር ከለበሰ ወዲያ ነው።

ወገዳ ያለችውን የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ሣራን ደጋግሜ ደውዬ አገኘኋት። መጀመሪያ ስለ ልጆቿ አወራችኝ። ከዚያ ስለ ልጆቿ የምታወራው አለቀባት። ክንዱ የተሳፈረበት አይሱዙ ቁልቁለቱ ላይ መገልበጡን፣ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እዚያው ወገዳ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቀበሩን ነገረችኝ። አዋኪና ሰዓት የማያከብር፣ የኔ ወንድም። ይህን የምጽፈው አንተ ስለማትጽፈው ነው።

ሽማግሎቹ ምን እንዳሉ ሳትነግረኝ አውቃለሁ። እናት መርዶ ስትሰማ ልጇ ከጎኗ ትሁን፣ እሌኒ እስክትመጣ ማንም እንዳይተነፍስ፣ ስትመጣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄደን እናረዳታለን። ደግ ሐሳብ ነው። በእኛ ቤት ግን ይህ ደግነት አንዴ ተደርጓል።

አባቴ ሲሞት እማዬ የክንዱ አራስ ነበረች። ለአራስ መርዶ አይነገርም ተባለ። ሰው ሁሉ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ወደ እሷ ሲገባ ይስቅ ነበር። ስለ ባሏ ስትጠይቅ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይሏታል። እስከ ክርስትናው ቀን እንዲህ ሆነ። ልቅሶው አለፈ፤ ስትሰማ የሚያላቅሳት ሰው ቤቱ ገብቷል። አንድ ቀን ብቻ ነው የነገረችኝ፤ «አርባ ቀን ሙሉ ገንፎ በላሁ፣ እሌኒ። የሰጡኝን ሁሉ በላሁ። ማር ጨምሩበት ብዬ ነበር እኮ» አለችኝ። እስከ ዛሬ የምትቆጨው በሞቱ አይደለም። በገንፎው ነው።

አሁን ደግሞ ድንች ታመጡላታላችሁ።

ከሣራ ጋር ካወራሁ በኋላ ያን ትዕይንት ከፈትኩት። ማይኩን ከከፈኑ ሥር፣ ክንዱ ደረት ላይ እንደለጠፍነው ታስታውሳለህ። ያን ቀን ኡኡታው አዳራሹን ስለሞላው ሙሾው ላይ ማን ምን እንዳለ የለየ ሰው አልነበረም። ማይኩ ግን ለይቷል። እማዬ ሙሾውን ከመጀመሯ በፊት ጎንበስ ብላ ፊቱን ስትዳብሰው ይታያል፤ ስንቀርጽ ሁላችንን ያስለቀሰችን ያቺ እጅ ናት። አሁን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። እንዲህ ትላለች፣ በሹክሹክታ፦

«ክንዱ፣ ይህ ያንተ አይደለም። ይህ ያባትህ ነው፤ ሳላለቅስለት የቀረሁት። ያንተን አልነካውም።»

እሱም ከከፈኑ ሥር፦

«እሺ እማዬ። ቶሎ በይ፣ አፍንጫዬን በላኝ።»

እጇ ወደ ፊቱ የሚሄደው ያኔ ነው። ከዚያ ሙሾውን ታወርዳለች። ግጥሙ የማንም ሙሽራ አይደለም፦

አራስ ናት አሉና ደብቀውህ ከኔ፣
ገንፎ እየጎረስኩ ሸኘሁህ ወይ እኔ።

የሠርግ ቪዲዮ የሚያሠሩ ሰዎች ስቱዲዮው ውስጥ ነበሩ። ደጋግሜ ሰማሁት። ድምፁ የሚመጣው ከደረቱ ስለሆነ ቃል በማይናገርበት ጊዜ ትንፋሹ ይሰማል፤ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። ሰዎቹም «ይህች ልጅ ምን ሆነች?» ብለው አለቃዬን ጠየቁ።

መሪጌታ ሀብቴ የሚፈሩትን አውቃለሁ። ከተማውም የሚያንሾካሹከውን እገምታለሁ፤ እናቱ በቁሙ አልቅሳበት ነው፣ ልቅሶውም አልቋል፣ አሁን በምን ታለቅሳለች? አላለቀም በላቸው። አልተነካም።

አዲስዓለም፣ እኔን አትጠብቁ። ሥራውን አስረክቤ ኅዳር 6 እነሳለሁ፤ ደብረ ታቦር አክስቴ ቤት አርፌ ነው የምወጣ። እስከዚያ ድረስ ሌላ አንድ ቀን እንኳ ማር እየጨመራችሁ አታብሏት። ሽማግሌ ሰብስበህ በጎህ እንዳትሄድባት። ፊት ረድፍ ላይ ስትቀመጥ ሄደህ አጠገቧ ተቀመጥና ንገራት። ከዚያ ይህን ጠይቃት፦ ሹክሹክታውን ፊልሙ ላይ ልተወው ወይስ ላውጣው? የእሷ ነው። እሷ ያለችውን አደርጋለሁ።

ጉንፋንህን እግዜር ይማርልህ።

እሌኒ

*

ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእሌኒ፣ ደብረ ታቦር፣ አክስትሽ እሙሃይ ደጊቱ ቤት፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል ከአንድ ወር በላይ አፌ ውስጥ ይዤው ኖሬ፣ አሁን ስጽፈው ቀልሎ ታየኝ። ይቅር በይኝ።

ነገርኳቸው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን እንደ ልማዳቸው መጥተው ተቀምጠው ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንድ እግር የጎደላት ወንበር ደርሳኝ ኖሮ ወደ አንድ ጎን ዘመምኩ። እንደዘመምኩ ነገርኳቸው።

«መቼም ከእናንተ አንዱ ይደፍር ይሆናል ብዬ ነው እዚህ የምውል» አሉ። «ቤቴ ብቀመጥ የሚመጣ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ደግሞ አርባ ቀን ይቆያል።»

«ያውቁ ነበር፣ እትዬ?»

«ድንች አመጣችልኝ እኮ፣ አዲስዓለም። ያቺ ሴትዮ። ድንች።» ቀጥለውም «እሌኒ ሰምታለች?» አሉ።

«ሰምታለች።»

«ማን አረዳት?»

«እኔ ነኝ። ክንዱን በደብዳቤ አመስግኜው።»

«ምን ብለህ?»

«ሰዓት አክባሪ ብዬ።»

ከአፋቸው የወጣው ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ለይቼ መናገር አልችልም። አስናቀ ደጅ ሆኖ ሰምቶ ሮጦ ገባ፤ አይቶን ተመልሶ ወጣ።

ሽማግሎቹ ወጉ አይቅር ብለው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄዱ። እናትሽ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። «ዘገያችሁ፤ ግቡ» አሏቸው። ገቡ። መሪጌታ ሀብቴም ነበሩ። እናትሽ በቀረጻው ቀን ከከፈኑ አጠገብ ምን እንዳሉ ራሳቸው ነገሯቸው። የኔታ ጢማቸውን ይዘው «ያባቱ ከሆነ ይታይ። የልጁ ገና ነዋ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቀና ብለው ይሄዳሉ።

ዝግጅቱን ልሰርዘው ነበር። እናትሽ ከለከሉኝ። ለእስቴ ዘፋኞች ኀዘን ነውና አትምጡ ብዬ ላክሁባቸው፤ «ኀዘን ከሆነማ ይልቁንም እንመጣለን፤ ከበሮውን ትተነዋል» ብለው መለሱ። ሥጋ የማይበላው ሰውዬም ይመጣል። ከወገዳም ክንዱን የቀበሩት ሰዎች የመቃብሩን አፈር በቁና ይዘው ይወጣሉ።

አዲሱን ማስታወቂያ ትናንት በአዳራሹ በር ለጠፍኩት። ያጻፉኝ እናትሽ ናቸው፤ እኔ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው የጨመርኩ፦

ቅዳሜ ኅዳር 13፣ በአዳራሻችን።
የልጆች ፊልም፦ ቀርቷል።
ተውኔት፦ ኢዮብ ቃሉን እስኪይዝ ተላልፏል።
«የክምር ድንጋይ ሙሽራ»፣ ፊልም፦ ምንም ትዕይንት ሳይቆረጥ ይታያል።
ቀጥሎ የክንዱ ልቅሶ። ሙሾ በእናቱ በአማረች፣ በአካል።
መግቢያ በነፃ። ማጨብጨብ የለም።

የመጨረሻዋ መስመር የኔ ትመስል ይሆናል፤ አይደለችም። «እብቁ እላዬ ላይ እንዳይዘንብ» ብለው ነው።

አገኘሁ ኅዳር 10 ጠዋት ከደብረ ታቦር ይዞሽ ይወጣል። ወንበርሽ ፊት ረድፍ ላይ፣ ከእናትሽ ቀጥሎ ነው፤ አራቱንም እግር አስመትቼላታለሁ።

ጥያቄሽን ጠይቄያቸዋለሁ። ስለ አፍንጫው ስነግራቸው እጃቸውን ገልብጠው ጣቶቻቸውን አዩ። እንዲህ ብለዋል፤ ቃል በቃል፦

«ድምፁን ለእኔ ለብቻዬ ታስቀምጥልኝ። አዳራሹ ውስጥ እጄ ብቻ ይታይ። ሕዝቡ ልጄን የዳበስኩት መስሎት ያልቅስ። እኔ እንዳከክሁለት አውቃለሁ።»

አዲስዓለም